ገና ያልተመሰከረለትን የፋይል ሥርዓት በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ስለ ማኖር፤ ከደቡብ ጎንደር ደጋ የታየ ዳሰሳ

የሊኑክስን ከርነል፣ ማለት የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር አዋሕደው ለሕዝብ የሚያድሉትን ስርጭቶች፣ እነ ዴቢያንን፣ እነ ኡቡንቱን፣ እነ ፌዶራንና እነ ሱሴን፣ ለብዙ ዘመን ሲያከራክራቸው የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገና በሙከራ ላይ ያለን የፋይል ሥርዓት ለተጠቃሚው ሁሉ በሚታደለው ከርነል ውስጥ ማኖር ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነው። የፋይል ሥርዓት ማለት፣ ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ የሚሰፍረውን ሁሉ ስም፣ ልክና ቦታ እየሰጠ የሚያደራጅ የከርነል ክፍል ነው። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ይዘጋና እንደገና ይከፈታል፤ ይህ ክፍል የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ትናንት የተጻፈው ዛሬ ተፈልጎ አይገኝም፤ ጉዳዩን ከሌላው የከርነል ክርክር ሁሉ የሚያከብደውም ይህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉት ባለሙያዎች አብዛኞቹ መብራት በማይጠፋበትና ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ከተማ የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ በክርክራቸው ውስጥ ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ እንደ ታወቁ ተቆጥረው ያልፋሉ። አንደኛው፣ ተጠቃሚው የሚፈልገው ነገር ከከርነሉ ጋር ባይመጣለት በደቂቃ ውስጥ አውርዶ ይጨምራል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ በሙከራው ሥርዓት ላይ ስሕተት ቢገኝ እርማቱ በሳምንቱ ይደርሰዋል የሚለው ነው። ከባሕር ዳር በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ ከተቀመጠችው ከደብረ ታቦር ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ግን ሁለቱም አይጸኑም። በክረምት ዝናሙና መብረቁ ሲበረታ መብራት መሄዱ፣ ሄዶ መመለሱ፣ ተመልሶም ወዲያው መሄዱ ለከተማው ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት በመቋረጡ፣ ኮምፒውተር የያዘ ብዙ ሰው በዚያን ዕለት በዲስኩ ላይ በነበረው ከርነልና ፕሮግራም ብቻ ለመሥራት ተገድዶ ነበር። እንግዲህ ጥያቄውን ከዚህ ቦታ ሆኖ እንደገና መመርመር ከንቱ ድካም አይመስለኝም፤ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉ፣ የደቡብ ጎንደር ዞን ጽሕፈት ቤቶችና የአብያተ ክርስቲያናቱን የብራና መጻሕፍት በካሜራ ለማንሣት የሚደክሙ ሰዎች ሁሉ መዝገባቸውን የሚያኖሩት በአንድ ዓይነት የፋይል ሥርዓት ላይ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ማኖር የሚባለው ነገር አንድ ወጥ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። የስርጭቱ ሠራተኛ ከርነሉን በሚያጠናቅርበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ በከርነሉ ገላ ውስጥ ያዋሕደዋል፣ ወይም ሲፈለግ ብቻ የሚጫን ሞጁል ያደርገዋል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። አብዛኞቹ የፋይል ሥርዓቶች በሞጁል መልክ ይመጣሉ፤ በዲስክ ላይ ጥቂት ቦታ ከመያዝ በቀር፣ የዚያ ዓይነት ዲስክ ካልተሰካ ወይም ማውንት ካልተደረገ በስተቀር ሥራ የላቸውም። ከዚህም በላይ ሌላ ደረጃ አለ፤ ይኸውም ስርጭቱ በሚጫንበት ጊዜ የሚወጣው ገጽ ያንን ሥርዓት ለተጠቃሚው ማቅረቡና አለማቅረቡ፣ ካቀረበም የመጀመሪያ ምርጫ ማድረጉና አለማድረጉ ነው። ተከራካሪዎቹ እነዚህን ደረጃዎች ባንድነት እየደባለቁ ስለሚናገሩ፣ አንዱ ስለ ሞጁሉ ሲሟገት ሌላው ስለ መጫኛው ገጽ ይመልስለታል፤ ክርክሩ ፍጻሜ ያጣውም በከፊል ስለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ታሪኩ አሳይቷል። በሊኑክስ ከርነል የማጠናቀሪያ ዝርዝር ውስጥ ኤክስፔሪሜንታል የሚባል አንድ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ነበረ፤ ይህንን ያልፈቀደ ሰው በሙከራ ላይ ያሉትን ክፍሎች አያያቸውም ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ስም የተመደቡት ክፍሎች እየበዙና እየቆዩ ሄደው ብዙዎቹ ከጸኑ በኋላም ምልክቱ ሳይነሣላቸው ስለ ቀረ፣ ስርጭቶቹም ሁሉ ያንን ምርጫ በመፍቀዳቸው ትርጉሙ ጠፋ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ከከርነሉ ሠሪዎች አንዱ በሆነው በኪስ ኩክ አሳሳቢነት ምርጫው ከከርነሉ ተወገደ። ሁሉ ሰው የሚፈርምበት ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ታዲያ መጽናቱን የሚመሰክር ማን ነው? በእኛ በደቡብ ጎንደር የድጓ ተማሪ ከየትም ደብር ተምሮ ሊመጣ ይችላል፤ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ግን በጋይንት በምትገኘው በቤተ ልሔም ማስመስከር አለበት፤ ለዝማሬ መዋሥዕትም ዙር አባ አለች፤ የምስክሩ ቦታ አንድ በመሆኑ ክርክር የለም። የፋይል ሥርዓቶች ግን ቤተ ልሔም የላቸውም። ለዚህ ከቢትርኤፍኤስ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በኦራክል ይሠራ በነበረው በክሪስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ይህ ሥርዓት በመጋቢት 2009 በወጣው በ2.6.29 ከርነል ውስጥ በሙከራ ስም ገባ። ሱሴ በ2014 ለንግድ ድርጅቶች በሚያድለው በ12ኛው እትሙ ላይ የሥርዓቱ ሥር የሚቀመጥበት የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። ሌላው የስርጭት ኩባንያ ሬድ ሃት በበኩሉ በ6ኛውና በ7ኛው እትሙ ለቅድመ ዕይታ ብቻ ብሎ ካቆየው በኋላ በ2017 እንደሚተወው አስታውቆ ከ8ኛው እትም ጨርሶ አወጣው። በዚያው በሬድ ሃት ድጋፍ የሚኖረው ፌዶራ ደግሞ በጥቅምት 2020 በወጣው በ33ኛው እትሙ ለግል ኮምፒውተሮች የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። እንግዲህ ስለ አንድ ሥራ ሦስት ዳኞች ሦስት ፍርድ ሰጥተዋል፤ ሦስቱም ባለሙያዎች ናቸው፤ ሦስቱም የፈረዱት በሚያውቁት ደንበኛና ሊሸከሙት በሚችሉት የጥገና ሸክም መጠን ነው። ከእነዚህ ዳኞች መካከል የደብረ ታቦርን መብራት አስቦ የፈረደ አለ ብዬ አልገምትም፤ ስለዚህ የእነርሱ ምስክርነት ለእኛ የተሰጠ ምስክርነት አይደለም።

ስለ መብራት ካነሣን ዘንዳ ከዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ኤክስት4 የሚባለውና ዛሬ በብዙዎቹ ስርጭቶች የታመነው ሥርዓት ራሱ በመጀመሪያ ዘመኑ ያሳየው ነገር ትምህርት የሚሰጥ ነው። በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በ2.6.28 ከርነል ጸና ተብሎ በታወጀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የኡቡንቱን 9.04 እትም አስቀድመው ይሞክሩ የነበሩ ሰዎች፣ ኮምፒውተራቸው በድንገት ሲጠፋ በቅርብ ያስቀመጧቸው ፋይሎች ስማቸው ሳይጠፋ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ይገኝ ጀመር። ምክንያቱ ይህ ነበር፤ ቀዳሚው ኤክስት3 አዲሱን ጽሑፍ በየአምስት ሰከንዱ ወደ ዲስክ ያወርድ ነበር፤ ኤክስት4 ግን ለፍጥነት ሲል በዲስክ ላይ ቦታ መመደቡን ያዘገይ ስለ ነበር ጽሑፉ ሠላሳ ሰከንድና ከዚያም በላይ በማስታወሻ ክፍሉ ይቆያል። አንድ ፕሮግራም አሮጌውን ፋይል በአዲስ ሲተካ የስሙ ለውጥ ቀድሞ ይመዘገብና ጽሑፉ ገና ሳይወርድ መብራት ሲሄድ፣ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም። የሥርዓቱ ጠባቂ ቴዎዶር ጾ ጥፋቱ የፕሮግራም ጸሐፊዎቹ እንደ ሆነ፣ ጽሑፋቸው መውረዱን ማረጋገጥ የነበረባቸው እነርሱ እንደ ሆኑ ሲያስረዳ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ትክክል መሆኑ የማንንም ፋይል ስላልመለሰ፣ እርሱው ራሱ የዚህን ዓይነት መተካት በሚያይበት ጊዜ ከርነሉ ጽሑፉን ቶሎ እንዲያወርድ የሚያደርግ እርማት ጨመረ። ያ ስሕተት ሊታይ የቻለው ኮምፒውተራቸው አዘውትሮ በድንገት ለሚጠፋባቸው ሰዎች ብቻ ነው። በሌላው ዘንድ ያልተለመደው ለእኛ ግን የክረምት ልማድ ነው።

ይህ ማለት ግን አዲሱን ሁሉ መሸሽ ማለት አይደለም፤ የአዲሶቹ ጥቅም እውነተኛ ነውና። ኤክስት4 የራሱን መዝገብ እንጂ የፋይሉን ውስጥ በማመሳከሪያ ቁጥር አይጠብቅም፤ አንድ የብራና ገጽ ፎቶግራፍ በዲስኩ እርጅና ጥቂት ቢበላሽ ማንም ሳያውቅ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከባክአፕ ወደ ባክአፕም እየተገለበጠ ይተላለፋል። ቢትርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሌላው ሥርዓት ግን ለፋይሉም ውስጥ ማመሳከሪያ ስለሚይዙ ብልሽቱን በንባብ ጊዜ ያስታውቃሉ፤ ሁለት ቅጂ ካለም ከደኅናው ያቃናሉ። እንዲሁም አዲሱን ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ሳይደርቡ በሌላ ቦታ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ብቻ የሚዞሩ በመሆናቸው፣ በአሠራራቸው ለመብራት መቋረጥ የተዘጋጁ ናቸው። ቢሆንም ይኸው ቢትርኤፍኤስ ብዙ ዲስኮችን በሬይድ 5ና በሬይድ 6 በሚባሉት ስልቶች አጣምሮ ሲሠራ፣ በጽሕፈት መካከል መብራት ቢቋረጥ የማይቃና ጉድለት ሊደርስ እንደሚችል የራሱ ሠሪዎች እስካሁን ያስጠነቅቃሉ። አንዱ ሥርዓት ባንድ ክፍሉ የጸና፣ በሌላው ክፍሉ ሙከራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ዋናው ነገር የሚያደርሰን የቢካሽኤፍኤስ ታሪክ ነው። ኬንት ኦቨርስትሪት በ2015 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስታወቀው ይህ ሥርዓት ብዙ ተደክሞበትና ብዙ ተከራክሮበት በጥር 2024 በወጣው በ6.7 ከርነል ውስጥ የሙከራ ስም ይዞ ገባ። ከርነሉ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው፤ አንድ እትም በዘጠኝ ወይም በዐሥር ሳምንት ይወጣል፤ አዲስ ነገር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርማት እንጂ ጭማሪ አይፈቀድም። ኦቨርስትሪት ግን የሰዎች ፋይል ሲጠፋ ማዳኛው የጊዜ ሰሌዳ አይጠብቅም በማለት ከጊዜው ውጭ ሥራ ይልክ ነበር፤ የከርነሉ ጀማሪና ዋና ጠባቂ ሊኑስ ቶርቫልድስም ገና በነሐሴ 2024 ሥርዓቱን በመቀበሉ መጸጸት መጀመሩን ጻፈ። በሰኔ 2025 ደግሞ የጠፉ ፋይሎችን ለማዳን መዝገቡን ወደ ኋላ የሚመልስ አዲስ መሣሪያ በእርማት ጊዜ በመላኩ ጠቡ ተካረረ። በ6.17 ከርነል ጥበቃው ከውጭ ነው ተብሎ ተጻፈበት፤ በ6.18 ላይ ሥራው ከከርነሉ ወጣ። ከገባበት እስከ ወጣበት ሁለት ዓመት አልሞላም።

እኔ በዚህ ጠብ ሁለቱንም እውነተኞች አድርጌ አያቸዋለሁ፤ ኦቨርስትሪት በሙከራ ላይ ያለ የፋይል ሥርዓት እርማቱን በየቀኑ ሊያገኝ እንደሚገባው በማወቁ፣ ቶርቫልድስም ለአንዱ ሲባል የሚፈርስ ሥርዓት ለሁሉ እንደማይጸና በማወቁ። ነገር ግን ከሁለቱ እውነት አንድ መደምደሚያ ይወጣል፤ ቶሎ ቶሎ መታረም ያለበትን ነገር ቀስ ብሎ በሚሄድ ዕቃ ላይ መጫን አይስማማም የሚል ነው። ከርነሉ ከሠሪው ይዘገያል፤ የስርጭቱ ከርነል ከዋናው ከርነል ይዘገያል፤ የደብረ ታቦር ሰርቨር ደግሞ ከስርጭቱ ይዘገያል። በአንድ የሙከራ እትም ላይ የተገኘ ጉድለት በሠሪው ዘንድ በሦስተኛው ቀን ቢታረም እንኳ፣ እርማቱ በዚህ ሰንሰለት ወርዶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ወራት ያልፋል፤ በእነዚህ ወራት ሁሉ የእኛ ሰው የሚሠራው ሠሪው ራሱ በናቀው አሮጌ ቅጂ ነው። በዴቢያን ዘንድ የቢካሽኤፍኤስን መሣሪያዎች ይጠብቅ የነበረው ባለሙያ፣ የረስት ቋንቋ ጥገኛ ጥቅሎቹን መከተል ከአቅም በላይ ሆኖበት በነሐሴ 2024 ሸክሙን አስቀመጠ፤ በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13ም የመሣሪያዎቹን ጥቅል አልያዘም። የተመሠረተበት የ6.12 ከርነል ዋና ምንጭ ግን ሥርዓቱን ገና አላወጣም ነበር። ከእንግዲህ ሥርዓቱን የሚሻ ሰው ከከርነሉ ውጭ ያለውን ሞጁል በየከርነሉ እድሳት ራሱ እንዲያጠናቅር ይጠበቅበታል፤ ለዚህም የሚያስፈልገውን ሁሉ ማውረድ አለበት፤ ኔትወርክ ለሌለው ሰው ይህ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ሙከራ ሁሉ ከከርነሉ ይውጣ ወደ ማለት ይቸኩላል። እዚህ ላይ ግን የከተማውን የፎቶግራፍና የኮምፒውተር ቤቶች ማየት ይጠቅማል። የሠርግ፣ የጥምቀትና የንግሥ በዓል ፎቶግራፍ የሚያነሡት ሰዎች ይዘውት የሚመጡት የካሜራ ካርድ ከ32 ጊጋባይት በላይ ከሆነ በደንቡ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ነው። ይህ ሥርዓት የማይክሮሶፍት ስለ ነበር፣ ኩባንያው በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን እስኪያወጣ ድረስ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በ5.4 ከርነል በማቆያው ክፍል፣ ማለት ገና ባልበሰሉ ሥራዎች ቦታ ገብቶ፣ በ2020 አጋማሽ በ5.7 ከርነል በሳምሰንግ ሰዎች ሥራ ተተካ። ከዚያ አስቀድሞ ሊኑክስ የጫነ ኮምፒውተር ቤት ካርዱን ሲሰካ አላውቀውም የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ መፍትሔውም ከኢንተርኔት የሚወርድ ሌላ ጥቅል ነበር። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሳለ ጥቅሉ አይወርድም፤ ባለቤቱም ሊኑክሱን አጥፍቶ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ በቂ ምክንያት ያገኛል። ከስርጭቱ ከርነል ውጭ ያለ ነገር በበርሊን ለሚኖር ሰው ጥቂት የሚያደክም ነው፤ በእኛ አገር ግን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

በዚሁ ቤት የሚታይ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ጉዳይ ጥቂት ቢርቅም። በዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ኤክስት4ም ሆነ ቢትርኤፍኤስ የፋይል ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ወስነዋል፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና ኤክስፋት ግን 255 ፊደል ይቀበላሉ። የአንድን የብራና መጽሐፍ ሙሉ ርእስ፣ የደብሩን ስምና የተነሣበትን ቀን አያይዞ በዊንዶውስ ላይ የሰየመ ሰው፣ ፋይሉን ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለብጥ ስሙ ረዘመ ተብሎ የሚመለስበት በዚህ ምክንያት ነው። የጸና የተባለውም ሥርዓት ሲጸና እኛን አስቦ አልጸናም።

በየኪሳችን ስላለው ስልክ ደግሞ ጥቂት ቃል ይበቃል። አንድሮይድ በሊኑክስ ከርነል የሚሠራ ሲሆን፣ ብዙ ስልኮች የተጠቃሚውን ፋይል የሚያኖሩት ሳምሰንግ ሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በ3.8 ከርነል ባስገባው በኤፍ2ኤፍኤስ ላይ ነው፤ ሞቶሮላም በዚያው ዓመት በስልኮቹ ላይ ተጠቀመበት። ይህ ድፍረት የተሳካው ስልኩን የሚሠራው ኩባንያ ከርነሉንም ዕቃውንም ራሱ ስለሚመርጥና ስለሚፈትን፣ ደግሞም ስልክ ባትሪ ስላለው ነው፤ መብራት ቢሄድ ስልኩ አይሰማውም። ያለ ዩፒኤስ፣ ማለት ያለ መጠባበቂያ ባትሪ፣ የቆመ ሰርቨር ይህንን አብነት አድርጎ ሊጠቅሰው አይችልም።

ሞጁሉን በማኖር ላይ የሚቀርበው ከባዱ ተቃውሞ የደኅንነት ነው። ከርነሉ የተሰካውን ፍላሽ አይቶ የሚያስፈልገውን ሞጁል በራሱ የሚጭን በመሆኑ፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፍላሽ፣ ማንም የማይጠቀምበትንና ማንም የማይመረምረውን አሮጌ ሞጁል ቀስቅሶ ከርነሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ከተማ ይህ ሥጋት የቃል ብቻ አይደለም። ሱሴ ለዚህ ያገኘው መላ ከሌሎቹ ይልቅ ይበልጥብኛል፤ ከ15ኛው እትሙ ጀምሮ እምብዛም የማይፈለጉትን የፋይል ሥርዓቶች ሞጁላቸውን ከዲስኩ ሳያስወግድ፣ አስተዳዳሪው በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር በራሳቸው እንዳይጫኑ ከለከለ። ነገሩ በእጅ ነው፤ በሩ ግን ተዘግቷል፤ የሚከፍተውም ባለቤቱ ነው።

አሮጌውን ስለ ማሰናበትም መልካም አብነት አለ። ሱሴ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ የመጀመሪያ ምርጫው ያደረገው ራይዘርኤፍኤስ ጠባቂ ካጣ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2022 በ5.18 ከርነል እንደሚወገድ ተነገረ፤ የተወገደው ግን በጥር 2025 በወጣው በ6.13 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጠ ማለት ነው። ቢካሽኤፍኤስ ከውጭ እንደሚጠበቅ ከተጻፈበት እትም ቀጥሎ በመጣው እትም መውጣቱን ከዚህ ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ጸና የተባለው ሁልጊዜ ደኅና ነው ብሎ መመካትም አይገባም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ዴቢያን 12.3ን ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ በ6.1.64 ከርነል ኤክስት4 ፋይል የሚያበላሽ ስሕተት ስለ ተገኘበት መጫኛዎቹ ታግደው በማግሥቱ 12.4 ወጣ። በዚያ ወር ኢንተርኔት ተቋርጦበት ማደስ ያልቻለ የክልላችን ሰርቨር ከዚህ አደጋ ሳያውቀው ተርፏል፤ በመቋረጡ ያገኘነው ብቸኛ ጥቅም ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምሰጠው ብያኔ ይህ ነው። ስርጭቶች በሙከራ ላይ ያሉትን የፋይል ሥርዓቶች በሞጁል መልክ ከከርነላቸው ጋር ይስጡ፤ ነገር ግን በራሳቸው እንዳይጫኑ ይከልክሉ፣ በመጫኛው ገጽ አያቅርቧቸው፣ አንዴ ያስገቡትንም ለማስወጣት ሲወስኑ ቢያንስ ለአንድ ረጅም የድጋፍ ዘመን ለንባብ ብቻ የሚሆን ሞጁል ያቆዩለት። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር የምትጠብቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሆስፒታል መዝገብና የተማሪ ውጤት በኤክስት4 ወይም እንደ እርሱ በጸናው በኤክስኤፍኤስ ላይ ይቀመጥ፤ ማመሳከሪያ የሚያስፈልገው የብራና ፎቶግራፍ በሁለት ዲስክ በተጣመረ ቢትርኤፍኤስ ላይ ይሁን፣ ሬይድ 5 እና 6 ግን ይቅሩ፤ ቢካሽኤፍኤስን መሞከር የሚሻ ሰው ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት ባለው ፋይል ላይ ብቻ ይሞክር፤ ከርነሉንም ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዶ ከነመጫኛ ጥቅሎቹ በውጭ ዲስክ ያስቀምጥ።